ኮምፒውተር ያዘልኩበት እሑድ

«አንቺን ያበላሸሽ ላፕቶፕ ነው» አለችኝ አክስቴ፣ ፊት ለፊቴ ቁጭ ብላ፣ ክትፎ እያጎረሰችኝ።

ባለፈው መስከረም፣ የመስቀል ዕለት ነበር። ሳሎኑ በዘመድ ጢም ብሏል። ቆጮው ተቆራርጦ ቀርቧል፣ አይቡ ከጎመኑ ጋር ተቀላቅሎ በየጣባው ተቀምጧል፣ ከውጭ የደመራው ጭስ ሽታ ገና ከልብሳችን አልለቀቀም። አክስቴ አስካለ ስትናገር ድምፅ መቀነስ አታውቅም። «ኮምፒውተሩ ላይ ብትቀሪ ኖሮ ዛሬ ሱቁ ያንቺ ነበር። ተቀምጠሽ ሰው እየመጣልሽ ትበዪ ነበር። አሁን ይኸው፣ ቦርሳ አንጠልጥለሽ ከተማውን ስታካልዪ ትውያለሽ።» ዘመድ ሳቀ። እኔ አፌ ሙሉ ነበር። ጉርሻ እንዲህ ነው፤ የሚወድሽ ሰው ሊናገርሽ ሲፈልግ መጀመሪያ አፍሽን ይሞላዋል።

ዘመዶቼ ይህን ታሪክ የሚያውቁት ከአጋማሹ ነው። ኮምፒውተር አዝዬ ታክሲ መሳፈሬን ያውቃሉ። በየዓመት በዓሉ ይነሣል፣ ይሳቅበታል፣ ከዚያ ሌላ ወሬ ይመጣል። ለምን እንዳዘልኩት ጠይቆኝ የሚያውቅ ግን የለም። ስለዚህ ከመጀመሪያው ልጀምር።

ያኔ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ያሳደገችኝ አክስቴ ናት፣ የአባቴ እኅት። እቴቴ ነው የምላት። ባሏ ሞቶባታል፣ ልጅ አልወለደችም። ኮልፌ አሥራ ስምንት ማዞሪያ፣ ከወረዳው ፊት ለፊት፣ አንዲት ጠባብ የኮምፒውተር ጽሕፈት ሱቅ አላት። ማመልከቻ፣ የኪራይ ውል፣ ሲቪ፣ ፎቶ ኮፒ። ወረዳ የሚገባ ሰው ሁሉ መጀመሪያ እኛ ጋ ይቆማል፣ ጉዳዩን በወረቀት ይዞ መግባት ስላለበት። ትምህርቱ የግማሽ ቀን ፈረቃ ስለነበር የቀረውን ሰዓት የምጽፈው እኔ ነበርኩ። ሰው ለማያውቃት ልጅ የማይናገረው የለም። ባሏ የጠፋባት፣ መታወቂያው የጠፋበት፣ ከጎረቤቱ ጋር በአንድ ክንድ መሬት የተጣላ፣ ሁሉም አጠገቤ በርጩማ ላይ ተቀምጦ «ጻፊ» ይለኛል። እጽፋለሁ።

ሱቁ ውስጥ የነበረችው ኮምፒውተር አሮጊት ናት። ስትሠራ ቆይታ ትግላለች፤ ያኔ እቴቴ «ትረፍ በቃ፣ ልትፈነዳ ነው» ብላ ለምሳ በሩን ገርበብ ታደርጋለች። ያቺ ሰዓት የኔ ነበረች። እቴቴ ቤት ሄዳ እስክትመለስ፣ ኮምፒውተሯ ትንሽ በርዳ፣ ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ ሰክቼ ሙዚቃ አቀናብራለሁ። ማንም አላስተማረኝም። የፎቶ ኮፒውን ማሽን በስልኬ ቀድቼ ከበሮ አድርጌዋለሁ፤ ወረቀት ሲስብ የሚያሰማው «ሽሽ ጠቅ፣ ሽሽ ጠቅ» ለጉራጊኛ ጭፈራ የተፈጠረ ነው የሚመስለው። የማኅተም ምት አለኝ፣ የብረት በር ሲጎተት አለኝ፣ ከማዞሪያው የሚመጣው የረዳቶች ጩኸት አለኝ። ኮምፒውተሯ ግን አምስተኛውን ድምፅ ስጨምርባት ትንተባተባለች፤ ስድስተኛው ላይ ድርቅ ትላለች። አንድ ቀን የአንድ ሰውዬን የሽያጭ ውል ይዛብኝ ጠፋች። ሰውየው ከሳንሱሲ ድረስ ነበር የመጣው። የሰደበኝን ስድብ ዛሬም በቃሌ እወጣዋለሁ።

የራሴን መግዛት አለብኝ ብዬ ወሰንኩ። ትምህርት ቤት በእግሬ እየተመላለስኩ፣ ለክፍሌ ልጆች አሳይመንት እየጻፍኩ ያጠራቀምኳት ገንዘብ ነበረችኝ። እሷን ይዤ ሙሌ ጋ ሄድኩ።

ሙሌ ማዞሪያው ላይ ኮምፒውተር የሚጠግን ልጅ ነው። ኪዮስኩ ሁለት ሰው አያስቆምም፤ የቀለጠ እርሳስና ከእጁ የማይለየው የበሰለ ሙዝ ይሸታል። መደርደሪያው ላይ አንድ ያገለገለ ላፕቶፕ ነበረው፣ ማጠፊያው የተሰበረ። ብቻውን ስለማይቆም ግድግዳ አስደግፎታል። እኔ እሱን አይቼ አበቃልኝ። ብብቴ ሥር አድርጌው ስሄድ ታየኝ፤ የት እንደምሄድ አላውቅም፣ ብቻ ስሄድ።

«ፍሬ፣ ስሚኝ» አለኝ ሙሌ። «በዚህች ብር ላፕቶፕ ከገዛሽ የምትገዢው ቆርቆሮ ነው። ዴስክቶፕ ግዢ። ከቢሮ የወጣ፣ ያገለገለ፣ ንጹሕ ዕቃ አለኝ።»

ያሳየኝ ጥቁር ሳጥን ነው፤ ሁለት የጫማ ካርቶን ቢደራረብ የሚያክል። ክዳኑን እንደ ቁምሳጥን ከፈተው። «እዚህ ጋ ራም እንጨምራለን። እዚህ ጋ ፈጣን ዲስክ። የዛሬ ዓመት ብር ስታገኚ ደግሞ ትጨምሪያለሽ። ላፕቶፑ ላይ ግን ሁሉም ተጣብቋል፤ የተገዛ ዕለት የነበረው ነው እስከ ሞቱ።»

«ካላመንሽኝ በጆሮሽ ስሚ» ብሎ ሥራዬን ከፍላሼ ላይ በሁለቱም ከፈተልኝ። ላፕቶፑ ስምንተኛው ድምፅ ላይ መንተባተብ ጀመረ። ሳጥኑ ላይ አሥር ጨመርኩ፣ ሃያ ጨመርኩ፣ አንዱን እየገለበጥኩ አርባ አደረስኩት። ትንፋሹ እንኳ አልተሰማም። ከበሮዬን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይቆራረጥ ሰማሁት። ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ ሙሌ አይቶ እንዳላየ ሙዙን ላጠ።

ጆሮዬ መረጠ። እግሬን የጠየቀው አልነበረም።

ሳጥኑን ከነስክሪኑና ከሚጨመርለት ዕቃ ጋር ስናስበው ገንዘቤ ግማሽ ላይ ቆመ። ለእቴቴ ነገርኳት። ብዙም አላሰበች። «ግማሹን እኔ እሞላልሻለሁ። ሱቅ ይቀመጥ። ቀን ለሥራ፣ ማታ ላንቺ» አለች። ጉልበቷን ሳምኩ። ሙሌ ልክ ነበር፣ እቴቴ ደግ ነበረች፣ እኔም የምፈልገውን አገኘሁ። ከዚህ በላይ ምን ይባላል? ሰው ሁሉ መልካም ሆኖልሽ እንዴት እንደምትታሰሪ ማንም አይነግርሽም።

መጀመሪያ ያወቅኩት «ማታ» የሚባለው ነገር እንደሌለ ነው። ሱቁ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይዘጋል፣ ቁልፉ እቴቴ ጋ ነው። «ሴት ልጅ ብረት በር ዘግታ ብቻዋን ሱቅ ውስጥ ታመሻለች እንዴ? ሰው ምን ይላል?» አለችኝ። ቤት ልውሰደው አልኳት። «ሲነሣ ሲወድቅ ይበላሻል።» ስክሪኑ ላይ ራሷ የሠራችውን ዳንቴል አለበሰችው። ጠዋት ዳንቴሉን አነሣለሁ፣ ወደ ማታ አለብሰዋለሁ።

ሁለተኛው ደግሞ የባሰ ነው። አዲሱ ኮምፒውተር አይግልም። አሮጊቷ ስትግል የምትሰጠኝ የምሳ ሰዓት ቀረ። ፈጣን ስለሆነ ሰው በዛ፤ ማኅተም የሚያሠራው፣ ፎቶ የሚያሳጥበው፣ ሁሉም እኛ ጋ። «ፈጣኗ ልጅ ጋ እናጽፍ» እያሉ ከቶታል ድረስ ይመጣሉ። አርባ ድምፅ የሚሸከም ማሽን ቀኑን ሙሉ «ለሚመለከተው ሁሉ» ሲጽፍ ይውላል። በሳምንት አንድ ቀን፣ መብራት ጠፍቶ ሰው ሲበተን አጋጣሚውን አገኛለሁ፤ ያኔ ደግሞ እሱም አይሠራም።

ከዚያ መስከረም መጣና የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት ተነገረ። አላለፍኩም። ከክፍላችን ያለፉት በጣት የሚቆጠሩ ስለነበሩ ብዙም አላፈርኩም። እቴቴ ግን አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። «ግድ የለም፤ ሥራ አለሽ» አለችና በማግሥቱ አዲስ ወንበር አስጭና መጣች። ሰማያዊ፣ ጎማ ያለው፣ የሚሽከረከር። የሱቁ ቦታ ስለጠበበ ግን አይሽከረከርም፤ ጉልበቴ ጠረጴዛው ላይ፣ ጀርባዬ ፎቶ ኮፒው ላይ ይገጥማል። እዚያ ላይ ተቀምጬ የሃምሳ ዓመት ሴት ሆኜ ታየኝ፣ ዳንቴል ለብሼ።

ጥቅምት ላይ ዘሪሁን የሚባል ልጅ የቤት ኪራይ ውል ሊያስጽፍ መጣ። ዓለም ባንክ ነው የተከራየው፤ ለሠርግ ኪቦርድ ይጫወታል። ውሉ እየታተመ ሳለ በስህተት ሌላ ቁልፍ ተጫንኩና ከበሮዬ በስፒከሩ ወጣ። «ቆይ፣ ቆይ፣ ምንድን ነው እሱ?» አለ። የፎቶ ኮፒውን ማሽን አሳየሁት። ሳቀ፤ ከዚያ መሳቁን ተወና «ድገሚልኝ» አለኝ። ሦስቴ ሰማው። «ለጥር ሠርጎች ሦስት ዘፈን ላወጣ ነው። ማይክ አለኝ፣ ድምፅ የማያስወጣ ክፍል አለኝ፣ ስክሪን እንኳ ቴሌቪዥኔ ይሆናል። ኮምፒውተርና የሚያቀናብር ሰው ነው የሌለኝ። እሑድ ኮምፒውተርሽን ይዘሽ ነይ።»

ይዘሽ ነይ! ለእቴቴ ብነግራት መልሱን አውቀዋለሁ። አልነገርኳትም።

እሑድ ጠዋት እቴቴ ለቅዳሴ፣ ከዚያም ለማኅበር ስትወጣ ቁልፉን ከመሳቢያው አነሣሁ። ሳጥኑን ፈታሁ። በእጅ ይዤው ብወጣ ማዞሪያው ላይ ያለ ሰው ሁሉ ያውቀኛል፤ «ፍሬ፣ ወዴት ነው?» ሊሉኝ ነው። በጆንያ ባደርገው ሌባ እመስላለሁ። ቆሜ ሳስብ ቤት ያለው ብርድ ልብስ ትዝ አለኝና ሮጬ አመጣሁት። ሳጥኑን በሱ ጠቀለልኩት፣ ጥጉ እንዳይወጋኝ ስፖንጅ ደገፍኩበት፣ ጀርባዬ ላይ አውጥቼ በነጠላ አሰርኩት። ጥላዬን መንገድ ላይ ሳየው እናት ነኝ። ከተከናነብኩ ደግሞ ማን ያውቀኛል?

«ዓለም ባንክ! ዓለም ባንክ! ሁለት ሰው የቀረው!» ይላል ረዳቱ። ሲያየኝ ድምፁ ተለወጠ። «አንተ፣ ተነሣላት እንጂ! ሕፃን ያዘለች ናት!» አንድ ጎረምሳ ከፊት ተነሣልኝ። ወንበሩ ጫፍ ላይ ቀጥ ብዬ ተቀመጥኩ፤ ወደ ኋላ ብደገፍ ዕቃው ይሰበራል። ቀጥሎ አንዲት አሮጊት ገብተው አጠገቤ ተቀመጡ። ሽታቸውን አወቅሁት፤ አደስ ያለበት ቅቤ የተቀቡ ናቸው። ወር በገባ ቁጥር የጡረታ ወረቀት ኮፒ የሚያስደርጉት እማማ ጥሩነሽ! ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ሳብኩ።

«ኧረ አንቺ ልጅ፣ አፍነሽ ልትገይው ነው እንዴ? ግለጪለት ትንሽ።»

«ጉንፋን ይዞታል፣ እማማ። ነፋስ አይወድም።»

«ምነው ድምፁ የለም?»

«ጨዋ ነው።»

«ስንት ወሩ ነው?»

«ሦስት።»

«ክርስትና ስሙስ ማን ተባለ?»

እዚህ ጋ ነው የተበላሸው። ማንኛውንም ስም መጥራት እችል ነበር፤ ኃይለ ማርያም፣ ወልደ ጊዮርጊስ፣ ምን ገደደኝ? ግን የስንቱን ሰው ስም በቀን ስጽፍ የምውል ሴት፣ አንድ ስም አልመጣልኝም። «ገና ክርስትና አልተነሣም» አልኳቸው።

ተሳፋሪው ሁሉ ወደኔ ዞረ። ወንድ ልጅ በአርባ ቀኑ፣ ሴት በሰማንያ ቀኗ እንደሚጠመቁ እኔም አውቃለሁ፤ እኔንም ያነሡኝ እንደዚያው ነው። እማማ ጥሩነሽ ደረታቸውን ያዙ። «ሦስት ወር ሙሉ? አረመኔ ሆኖ? እውነት ወንድ ነው?» ሴት ብልም ሰማንያው አልፏል። «ወንድ ነው» አልኩ። «በስመ አብ!» ብለው ዘወር ሲሉ ዓይን ለዓይን ገጠምን። «አንቺ... የአስካለ ልጅ አይደለሽም እንዴ? የምትጽፊው?»

«ወራጅ አለ!» ብዬ ጮህኩ። አንድ ፌርማታ ቀድሜ ወረድኩ፤ የቀረውን በእግሬ ሄድኩት። ሳጥኑ ወገቤን ሲመታኝ፣ አስፋልቱ ዳር ያለው አቧራ ጫማዬ ውስጥ ሲገባ፣ ልቤ ግን ሲሮጥ ነበር።

ያን ዕለት ዘሪሁን ክፍል ውስጥ ስድስት ሰዓት ሙሉ ተቀመጥኩ፣ ማንም «ጻፊ» አላለኝም። ግድግዳው በስፖንጅ ፍራሽ የተሸፈነ ነው፤ ከውጭ ምንም አይሰማም። ፓስታ በእንጀራ በላን፣ እጃችንን በሱሪያችን ጠረግን፣ ቀጠልን። ሁለት ዘፈን አለቀ። ሦስተኛው ግማሽ ላይ ደረሰ። ከሰዓት ልጄን አዝዬ ተመለስኩ፣ ሰካካሁት፣ ዳንቴሉን አለበስኩት። ሳጥኑን ስመልስ ማንም አላየኝም ብዬ ተኛሁ።

ሰኞ ጠዋት አራት ሰዎች ተሰልፈው ሳለ እማማ ጥሩነሽ በሩ ላይ ደረሱ። በላስቲክ የገብስ ዱቄት፣ በብርጭቆ ቅቤ ይዘዋል፤ ከኋላቸው የንስሐ አባታችን።

«እንኳን ማርያም ማረቻት፣ አስካለ! አንቺን ግን ታዝቤሻለሁ።»

«ማንን ነው የማረቻት?» አለች እቴቴ።

«ኧረ እኔን አትደብቂኝ! በዓይኔ አይቼዋለሁ። ገንፎ እንኳ አላበላሻትም መሰለኝ።»

አባ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አስካለ፣ ያለፈው አልፏል። ሕፃኑ ምን አጠፋ? ለእሑድ ይዛችሁት ኑ።»

እቴቴ ወደኔ ዞረች። ዓይኗ ሆዴ ላይ ነበር፤ ሦስት ወር ወደ ኋላ እየቆጠረች እንደሆነ ገባኝ። ተነሣሁ፣ ነጠላዬን ወገቤ ላይ ሸብ አደረግኩ፣ ሳጥኑን በእጄ መታ መታ አደረግኩት። «ሕፃኑ ይኸው፣ አባ። ጨዋ ነው ያልኩት ይሄን ነው።»

ተሰላፊው በሳቅ ፈነዳ። አባም መስቀላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ዞሩ። እማማ ጥሩነሽ ቅቤያቸውን ይዘው ሄዱ። እቴቴ አልሳቀችም። ተሰላፊው እስኪያልቅ ጠበቀች።

«ግማሹ የኔ ነው። የኔን ግማሽ ማን ውሰጂ አለሽ?»

«እኔስ የኔን ግማሽ መቼ አግኝቼው አውቃለሁ?»

«የትኛው ነው ያንቺ ግማሽ? ቀኙ ነው ግራው?»

ረቡዕ ዕለት በያጅ መጣ። ለሳጥኑ ከፌሮ ፍርግርግ ሠራለት፣ ከግድግዳው ጋር አሰረው፣ አረንጓዴ ቀለም ቀባው። ለአየር ማስገቢያ ክፍተት ተትቷል። ቁልፍ አለው። ፍላሽ ስሰካ እጄን በብረቱ መሃል አሾልኬ ነው፤ ክርኔ ላይ የአረንጓዴ ቀለም መስመር ለሳምንት አልለቀቀኝም። ዘሪሁን ይደውላል፣ «ሦስተኛው ዘፈን ቀርቷል፣ መቼ ትመጪያለሽ?» ይለኛል። እኔ ማመልከቻ እየጻፍኩ «እነግርሃለሁ» እለዋለሁ። ሦስት ሳምንት እንዲህ አለፈ። አንድ ቀን ጀርባዬን ፎቶ ኮፒው እያሞቀው፣ የፌሮውን ዘንግ ስቆጥር ራሴን ያዝኩት።

ያኔ ገንዘቤን ጠየቅኳት። እቴቴ ኩሩ ናት። «እኔ የሰው አልበላም» ብላ የዚያኑ ዕለት ሰጠችኝ፤ ፊቷን ግን አዙራ ነበር።

ሙሌ ጋ ስደርስ ላፕቶፑ አልተሸጠም። ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል።

«አብደሻል? ስምንተኛው ድምፅ ላይ ሲንተባተብ አሳየሁሽ እኮ።»

«በሰባት እሠራለሁ» አልኩት።

በሰባት ሠራሁ። ዛሬ ዓለም ባንክ አንድ ክፍል ተከራይቼ የሠርግ ዘፈንና የማስታወቂያ ሙዚቃ አቀናብራለሁ። ሀብታም አይደለሁም፣ ስሜንም የሚያውቀው ሙሽራ የለም። ይህ ሦስተኛው ላፕቶፔ ነው። የተሻለ ይሸከማል፣ እኔ ግን ሰባት ላይ መቆም ለመድኩ። የትኛውን ኮምፒውተር ልግዛ ብለው የሚጠይቁኝ ተማሪዎች አሉ። ገንዘቡን ካየሽው ሙሌ ዛሬም ልክ ነው፣ እሱኑ እነግራቸዋለሁ። ከራም በፊት ግን የት እንደሚያስቀምጡትና በሩን ማን እንደሚዘጋው እጠይቃቸዋለሁ። ብዙዎቹ ጥያቄው አይገባቸውም። እቴቴንም አልፈርድባትም፤ ሱቅ ያላት፣ ልጅ የሌላት ሴት አንዲት ልጅ አጠገቧ እንድትቀመጥ ፈለገች። ይህን ለማወቅ ዓመታት ፈጅቶብኛል፤ ማወቄ ግን ያን ወንበር አላሰፋውም።

የመስቀል ዕለት ከሰዓት ዘመዱ ወጥቶ አለቀና ሁለታችን ቀረን። ጣባዎቹን ሰበሰብኩ። እቴቴ ሶፋው ላይ እግሯን ዘርግታ መዳፏን እያየች ነበር።

«ልጅቷም ሄደችብኝ» አለች። ሱቁ ውስጥ የቀጠረቻት ጸሐፊ ማለቷ ነው። «ሦስተኛዋ ናት። ዓይኔ ደክሟል፣ ፍሬ። ፊደሉ ይደባለቅብኛል።»

«ሌላ እንፈልግልሻለን።»

«ሌላ አልፈልግም።» ድምጿ ዝቅ ሲል ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁ። «ወይ ትረከቢኛለሽ፣ ወይ ለአከራዩ መልሼ እዘጋዋለሁ። ላፕቶፕሽንም ይዘሽ ነይ። የፈለግሽውን አድርጊበት፣ አልናገርሽም። ቁጭ ብቻ በይልኝ።»

የመጨረሻውን ጣባ አጠብኩ። እጄን አደረቅኩ። ከተረፈው ቆጮ ቆርሳ ጠቀለለችና ቦርሳዬ ውስጥ ከላፕቶፔ ጎን ከተተችልኝ።

«መልሱን ነግረሽኝ ሂጂ» አለች።

ጎንበስ ብዬ ጉንጯን ሳምኳት፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ።

«ዓመት ዓመት ያድርስሽ፣ እቴቴ» አልኳትና ቦርሳዬን ትከሻዬ ላይ አድርጌ ወጣሁ።